የኤችአይቪ ክትባት፦ ፕሮቲኑ የት ይረፍ? ውሳኔውስ የማን ነው?

እአአ ሐምሌ 2025 ውጤቱ የታተመ አንድ የኤችአይቪ ክትባት ጥናት በዘርፉ ለረዥም ጊዜ ሲያከራክር ለነበረ ጥያቄ ግልጽ ምላሽ ሰጥቷል። በአሜሪካ 108 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በተሳተፉበት በዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራ ሦስት የኤምአርኤንኤ ክትባቶች ተነጻጽረዋል። ሦስቱም የሰውነት ህዋሳት የቫይረሱን የውጭ ሽፋን ፕሮቲን እንዲሠሩ ያዝዛሉ። ዋናው ልዩነታቸው ፕሮቲኑ ከተሠራ በኋላ የሚሄድበት ቦታ ነው። በአንደኛው ክትባት ፕሮቲኑ ከህዋሱ ወጥቶ በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋል። በሌሎቹ ሁለቱ ግን በህዋሱ ሽፋን ላይ ተተክሎ ይቀራል።

የውጤቱ ልዩነት ሰፊ ነበር። በሽፋኑ ላይ የሚተከለውን ከወሰዱት መካከል 80 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱን ማገድ የሚችሉ ፀረ እንግዳ አካላት አምርተዋል። የሚንሳፈፈውን ከወሰዱት መካከል ይህን ያሳዩት 4 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው።

ምክንያቱ ለመረዳት አያዳግትም። የሚንሳፈፈው ፕሮቲን የታችኛው ክፍሉ ይጋለጣል፤ በእውነተኛው ቫይረስ ላይ ግን ይህ ክፍል የተሸፈነ ነው። በመሆኑም የሰውነት መከላከያ ኃይሉን የሚያባክነው ቫይረሱ በማያሳየው አካል ላይ ነው። በሽፋን ላይ የተተከለው ፕሮቲን ግን ለመከላከያው የሚታየው በቫይረሱ ላይ ባለው አቀማመጥ ነው።

ይህ ማለት ክትባቱ ተገኘ ማለት አይደለም። የተገኙት ፀረ እንግዳ አካላት ክትባቱ የተቀዳበትን የቫይረስ ዝርያ እንጂ በዓለም ላይ ያሉትን በርካታ ዝርያዎች የሚያግዱ አይደሉም። ከተሳታፊዎቹ 6.5 በመቶ በሚሆኑት ላይ የቆዳ ሽፍታና ማሳከክ ታይቷል።

ፕሮቲኖች በህዋስ ውስጥ መድረሻቸውን የሚያመለክት ምልክት በራሳቸው ላይ ይዘው እንደሚሠሩ ያረጋገጠው ጉንተር ብሎበል እአአ በ1999 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። የኤምአርኤንኤ ቴክኖሎጂ ይህን ዕውቀት ወደ መሣሪያነት ለውጦታል። በመልዕክቱ ውስጥ ጥቂት ፊደላትን መጨመር ወይም መቀነስ ፕሮቲኑን በሌላ አቅጣጫ ይመራዋል።

የናይሮቢ ድርሻ

ናይሮቢ ለዚህ ምርምር እንግዳ አይደለችም። እአአ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የናይሮቢና የካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲዎች በፑምዋኒ ሰፈር በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችን ሲከታተሉ ቆይተዋል። ከእነዚህ ሴቶች ጥቂቶቹ በተደጋጋሚ ለቫይረሱ ቢጋለጡም አልተያዙም። ደማቸው የሰጠውን ፍንጭ በመከተል የኦክስፎርድና የናይሮቢ ተመራማሪዎች በምሥራቅ አፍሪካ በሚበዛው የቫይረሱ ዓይነት ላይ የተመሠረተ ክትባት ሠሩ። ሙከራውም እአአ በ2001 በናይሮቢ ተጀመረ። ያስገኘው የመከላከል ምላሽ ደካማ ቢሆንም ከተማዋ የሠለጠኑ ባለሙያዎች፣ ላቦራቶሪና ለበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ የሚደረግበት ሥርዓት አትርፋለች።

የጎደለው የማምረቻው ክፍል ነበር። እአአ መጋቢት 2022 የአሜሪካው ሞዴርና እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ወጪ በኬንያ የኤምአርኤንኤ ፋብሪካ ለመገንባት ከመንግሥት ጋር ተስማማ። ሆኖም ሚያዝያ 2024 ዕቅዱን አቆየው። ከ2022 ወዲህ ከአፍሪካ አንድም ትዕዛዝ እንዳልቀረበለት፣ ቀድሞ የታዘዘውም በመሰረዙ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዳጣ ገለጸ። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በበኩሉ፣ አህጉሪቱ ክትባት አጥብቃ በፈለገችበት ወቅት ከሰልፉ መጨረሻ እንደነበረች በማስታወስ ወቀሳውን አልተቀበለም።

እአአ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቋርጥ፣ በደቡብ አፍሪካ የሚመራውና ኬንያን ጨምሮ የስምንት አገራት ተመራማሪዎችን ያሰባሰበው ብሪሊያንት የተባለው የኤችአይቪ ክትባት ጥምረት፣ ሙከራ ሊጀምር በተቃረበበት ወቅት ገንዘቡን አጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ዋሽንግተን ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጉ 22 የኤምአርኤንኤ ፕሮጀክቶችን እንደምትዘጋ አስታወቀች። እነዚህ ፕሮጀክቶች የመተንፈሻ አካል በሽታዎችን የሚመለከቱ ቢሆኑም፣ ቴክኖሎጂው በዋና ደጋፊው ዘንድ ሞገስ እያጣ መሆኑን አመላክተዋል።

ፋብሪካ ወይስ ዕውቀት?

የሞዴርና ፋብሪካ ቢገነባ ኖሮ ለኬንያ ሥራና የማምረት ልምድ ባመጣ ነበር። የትኛው ፕሮቲን ይሠራ፣ በህዋሱ ውስጥስ የት ይረፍ የሚለው ውሳኔ ግን በአመዛኙ ከኩባንያው ላቦራቶሪ ባልወጣ ነበር።

ሌላው መንገድ እአአ በ2021 ይፋ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅት የኬፕታውን የቴክኖሎጂ ማዕከል ነው። የማዕከሉ ሳይንቲስቶች የሞዴርናን ክትባት በይፋ ከሚገኘው የዘረመል ቅደም ተከተሉ በመነሳት በራሳቸው ሠርተዋል። ኬንያ እአአ የካቲት 2022 ቴክኖሎጂውን እንዲቀበሉ ከተመረጡት ስድስት የአፍሪካ አገራት አንዷ ናት። ይህ መንገድ አዝጋሚ ነው። ሆኖም ተቀባዩ ፊደላቱን ራሱ እንዲጽፍ ያስተምረዋል።

አፍሪካ ከምትጠቀመው ክትባት 99 በመቶ ያህሉን ከውጭ ታስገባለች። ግቧ እአአ በ2040 ከፍላጎቷ 60 በመቶውን ማምረት ነው። ይሁን እንጂ ጠርሙስ መሙላትም ማምረት ይባላል። የ80 እና የ4 በመቶው ልዩነት የተፈጠረው ግን ከጠርሙሱ በፊት፣ በንድፉ ላይ ነው። ለናይሮቢም ሆነ ለአዲስ አበባ የፋብሪካ ውል ሲፈረም መጠየቅ ያለበት በዓመት ስንት ሚሊዮን ክትባት ይመረታል የሚለው ብቻ አይደለም። ንድፉን መለወጥ የሚችሉት እነማን እንደሆኑም መጠየቅ አለበት። ደማቸው ለምርምሩ ፍንጭ የሰጠው የፑምዋኒ ሴቶች የኖሩባት ከተማ፣ ይህን ጥያቄ ለማንሳት በቂ ምክንያት አላት።