ወንዱ ኳስ የሚመታው ሰላም ጠብቆ ነው?

«መጀመሪያ ሰላሙ ይምጣ፣ ጫማው ይደርሳል።» ስለ ሮለር ደርቢ ባወራሁ ቁጥር የሚመለስልኝ ይሄ ነው። እሺ፣ እንከራከር። አብደራፊ ላይ ወንዶቹ ኳስ ሲመቱ፣ ጆተኒ ከበው ሲጯጯሁ፣ ፑል ቤት ሲያመሹ «አገር ሳይረጋጋ ምን ጨዋታ ነው?» ያላቸው አለ? እኔ አልሰማሁም። ጥያቄው የሚነሳው ሴት ልጅ ልጫወት ስትል ብቻ ነው። «የፈረንጅ ነገር» የሚሉኝም ስለ አርሰናልና ማንቸስተር ሲጣሉ የሚያድሩት ናቸው።

ለማታውቁት፣ ደርቢ ባለ ጎማ ጫማ ተደርጎ ሞላላ መም ላይ የሚካሄድ ግፊያ ነው። ከየቡድኑ 5 ሰው ይገባል። አንዷ ሄልሜቷ ላይ ኮከብ አድርጋ ተጋጣሚዎቿን እያለፈች ነጥብ ትሰበስባለች፤ የቀሩት በትከሻና በዳሌ መንገድ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ። የዛሬው መልኩ በፈረንጆቹ 2001 ቴክሳስ ውስጥ ኦስቲን ላይ ተጀመረ፤ በ2006 ለንደን ደረሰ፣ በ2012 ካይሮ። አዎ፣ ካይሮ። አፍሪካ ውስጥ አይሆንም የሚል ካለ እዚያ ይጠይቅ።

ባለፈው ዓመት ለሥራ በርሊን በሄድኩበት ቅዳሜ አንድ የደርቢ ውድድር አየሁ። ግፊያው ጥሩ ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ጠዋት የተጫወተችው ከሰዓት ዳኛ ሆና ገባች። አንዷ መስመሩን በፕላስተር ትለጥፋለች፣ አንዷ ነጥብ ትመዘግባለች፣ አንዷ በር ላይ ትኬት ትቆርጣለች። ከሌላ ከተማ የመጡት የሚያድሩት አስተናጋጆቹ ቤት ነው። ደመወዝተኛ የለም። ይሄማ ዕድር ነው! ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ድንኳን ተካይ ያለው፣ ሬሳ ብቻ የሌለበት ዕድር።

እኛ ጋ ሴቶች አይሰበሰቡም እንዳትሉኝ። ለልቅሶ፣ ለማኅበር፣ ለቡና ይሰበሰባሉ። ግን ሁሉም ላይ ሥራ አለ፤ ወጥ የምትሠራው፣ ዕቃ የምታጥበው እሷው ናት። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ደግሞ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ከተማውን ሲሞላው፣ ሲመሽ ውጭ የምትቀረው ሻይ የምትሸጠው ብቻ ናት። ያለ ጉዳይ፣ ለጨዋታ ብቻ ሴቶች የሚገናኙበት አንድ ቦታ ጥሩልኝ።

አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ተጀምሯል። የስኬትቦርድ ሜዳ በ2016 ተከፈተ፤ በ2020 ደግሞ ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ የሚባለው የሴቶች ቡድን ተቋቋመ። ቦርድና ጫማ ይለያያል፣ ግን ሴት ልጅ ወድቃ ስትነሳ ሳቅ ሳይሆን ጭብጨባ የሚሰማበት ቦታ መሆኑ ያው ነው። ፎቶ አንስተው «አቅም ማጎልበት» ብለው ለሚለጥፉት ድርጅቶች አንድ ነገር ልበል፦ ቡድኑን ልጆቹ ራሳቸው ይምሩት። እናንተ ፕሮጀክታችሁ ሲያልቅ ትሄዳላችሁ።

«አውሮፓ ያሉት ስብሰባዎች ለሁሉም ክፍት ናቸው፣ ኑ» የሚሉኝም አሉ። ልባቸው ቀና ነው፤ በሩ ግን የእነሱ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ቪዛ አጥብቋል፤ የ15 ቀኑ ውሳኔ ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ማመልከቻው 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከሉም አይመለስም። እኔን መሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ጻፈልኝ። የአብደራፊዋን የ19 ዓመት ልጅ ማን ይጽፍላታል? ያውም መንገዱ ክፍት ሆኖ አዲስ አበባ ከደረሰች።

ስለዚህ ስብሰባው እዚሁ ይሁን። ዋልካ ላይ ጎማ አይሄድም፣ አውቃለሁ፤ ክረምት ላይ ሰውም አይሄድበትም። ግን ለክቼዋለሁ፦ መሙ 27 በ17 ሜትር ገደማ ነው፣ ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ብዙም አይበልጥም። የሚያስፈልገው ሊሾ ወለልና ፕላስተር ነው። ሊሾ ወለል ደግሞ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ አለ፤ አዲሱ ምርት እስኪገባ ባዶውን ይውላል። የአብደራፊ ነጋዴዎች፣ የቅዳሜ ከሰዓቱን ኪራይ ስንት ትሉናላችሁ?