ባለቤቴ የአጥንት ሐኪም ነው፤ የቃል ፈተና ግን እንቅልፍ ነሳው

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ነዋሪነቴ አሜሪካን አገር ሲሆን ባለትዳር ነኝ። ባለቤቴ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ነው። የቦርዱን የጽሑፍ ፈተና አልፏል። የቀረው ቺካጎ ሄዶ የሚፈተነው የቃል ፈተና ነው። በስድስት ወር ውስጥ ከሠራቸው ኦፕራሲዮኖች መካከል ቦርዱ 12ቱን መርጦበታል። ከነዚህ አንዷ ቁርጭምጭሚቷ የተሰበረ ሴት ናት። ቁስሏ መግል ይዞ እንደገና ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ ታጥቦላታል። ይህቺ ሴት መመረጧን ካወቀ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለም። ፋይሉን ሲያገላብጥ ያድራል። ጓደኛው ደግሞ «አድበስብሰህ እለፈው» ብሎ መክሮታል። እኔ ሕክምና አላውቅም። ምን ልርዳው?
አሳቢዋ ሚስት

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ በመጀመሪያ የጓደኛውን ምክር ከጆሮው አውጪለት።

እ.ኤ.አ. በ1934 የተቋቋመው ይህ ቦርድ የመጽሐፍ እውቀቱን በጽሑፉ ፈተና ጨርሶታል። በቃል ፈተናው፣ በሦስት ዙር፣ በእያንዳንዱ 35 ደቂቃ፣ የሚመረመረው የገዛ ሥራው ነው። ነጥብ ከሚሰጥባቸው ነገሮች መካከል ችግር ሲፈጠር እንዴት እንደያዘው እና የሙያ ሥነ ምግባሩ ይገኙበታል። መግሉ ብቻውን አይጥለውም፤ መደበቁ ግን ሊጥለው ይችላል። መዝገብ መነካካትማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ደግሞስ ራጁ ፈታኞቹ ፊት ተቀምጦ ምኑ ይደበቃል? አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለሐኪምም ይሠራል።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ሐበሾች በታላቅ ፊት አንገት መድፋት ጨዋነት ነው ተብለን አድገናል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ዝምታ «አያውቅም» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል።

አንቺ የምትረጂው እዚህ ላይ ነው። ማታ ራት ከተበላ በኋላ ሰዓት ይዘሽ ፊት ለፊቱ ተቀመጪ። የበሽተኛዋን ስም አይንገርሽ፣ አያስፈልግሽም። አራት ጥያቄ ይበቃሻል። ምን ሆና መጣች? ለምን ኦፕራሲዮን መረጥክ፣ በጀሶ አይሆንም ነበር? ምን ተበላሸ፣ መቼስ ደረስክበት? ዛሬ ብትመጣ ምን ትለውጣለህ? ዙሪያ ጥምጥም ከሄደ አስቁመሽ እንደገና አስጀምሪው። ነርሷን ወይም በሽተኛዋን መውቀስ ከጀመረም አስቁሚው። አንቺ ሳትጠይቂው መግሉን ራሱ ያነሳ ዕለት ተዘጋጅቷል ማለት ነው። የማያውቀው ጥያቄ ቢመጣ «አላውቅም፣ የሚያውቅ ባልደረባ አማክራለሁ» ማለት ነውር የለውም።

አንድ ነገር ግን ሳንጠይቅሽ አናልፍም። ያቺ ሴት አሁን በእግሯ ትሄዳለች? ደብዳቤሽ ስለ ባልሽ እንቅልፍ እንጂ ስለ እሷ አልነገረንም። ፈታኞቹ ይህን መጠየቃቸው አይቀርም። ባለቤትሽም ከፋይሉ ፊት ስለ እሷ ቢያስብ፣ የሚናገረው ነገር ራሱ ይመጣለታል።

መልካም ዕድል! ውጤቱን ጻፊልን።