የኩባንያ አለቆች ደመወዝ ልክ ሊኖረው ይገባል

በትልቅ ሥራ ላይ የተሾመ ሰው ከታናሹ ሥራተኛ የበለጠ ደመወዝ ቢቀበል ማንም አያዝንበትም፤ ኀላፊነቱ ከባድ ነውና። ዳሩ ግን ብልጫው እስከ ምን ድረስ ይሁን የሚለው ጥያቄ በዛሬ ዘመን ብዙ አገሮችን የሚያከራክር ሆኗል። ደመወዝ ስንል ደምና ወዝ ለጆሯችን ይሰማናል፤ ለአንድ ሰው የብዙ መቶ ሰው ደመወዝ ሲቈረጥለት የማን ደም፥ የማን ወዝ እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ነው።

ይህን ነገር በግልጥ ከመረመሩት ሕዝቦች አንዱ የስዊስ ሕዝብ ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ኖቫርቲስ የተባለው የመድኀኒት ኩባንያ ለሚሰናበተው ሊቀ መንበር ለዳንኤል ቫሴላ፥ ወደ ተወዳዳሪ ኩባንያ ሄዶ እንዳይሠራ ሲል፥ በ6 ዓመት ውስጥ እስከ 72 ሚሊዮን ፍራንክ ሊሰጠው መዋዋሉ ተሰማ። ባለመሥራት የሚገኝ ደመወዝ መሆኑ ነው። ሕዝቡ ስለ ተቈጣ ገንዘቡ ቀረ። ጥቂት ቈይቶ በማርች ወር፥ የስንብት ጉርሻን የሚከለክልና የአለቆችን ክፍያ ባለ አክሲዮኖች በየዓመቱ በድምፅ እንዲወስኑ የሚያዝ አሳብ ቀርቦ፥ ከመቶው 68 የሚያህለው ድምፅ ደገፈው።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ግን የሶሻሊስት ፓርቲ ወጣቶች ከዚህ የጠነከረ አሳብ አቀረቡ። ይኸውም የኩባንያው አለቃ በአንድ ወር የሚቀበለው፥ ታናሹ ሥራተኛ በዓመት ከሚቀበለው አይብለጥ የሚል ነው። ከመቶው 65 የሚያህለው ድምፅ እምቢ አለ። ተቃዋሚዎቹ ኩባንያዎች አገር ለቀው ይሄዳሉ፥ የመንግሥት ግብርና የአረጋውያን መጦሪያም ይጐድላል ብለው ነበር። በዚያ አገር የጡረታ መዋጮ ያለ ጣራ ከደመወዝ ሁሉ ስለሚቈረጥ ነገሩ የሚናቅ አልነበረም። ነገር ግን ከአለቃው የተቀነሰው ገንዘብ ለሥራተኞቹ ደመወዝ ቢጨመር መዋጮው ከእነርሱም ይቈረጣል፤ ለባለ አክሲዮኖች ትርፍ ሆኖ ቢከፋፈል ግን ተቃዋሚዎቹ እውነት አላቸው።

ወደ አሜሪካ ስንመለከት፥ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1942 ዓ.ም. በጦርነቱ መካከል ማንም ሰው ግብር ከፍሎ በዓመት ከ25,000 ዶላር በላይ እንዳይተርፈው አሳብ አቅርበው ነበር፤ ምክር ቤቱ ግን አልተቀበለውም። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የአለቃ ደመወዝ በግብር ሒሳብ እንደ ወጪ እንዳይቈጠር ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን በሥራ ውጤት ለሚሰጥ ክፍያ አንድ በር ክፍት ተወ። በዚያች በር ኩባንያዎቹ ሁሉ ገቡባት፤ በደመወዝ ፈንታ አክሲዮን የመግዛት መብት ይሰጡ ጀመር። በሩ የተዘጋው በ2017 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ነው። በ1965 ዓ.ም. የትልልቆቹ ኩባንያዎች አለቃ ክፍያ የተራው ሥራተኛ 20 እጥፍ ያህል ነበረ፤ በ2023 ዓ.ም. ከ250 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ የገበያ ዋጋ ነው የሚሉ አሉ። ለመሆኑ ዋጋውን የሚቈርጠው ማን ነው? የኩባንያው ቦርድ የሌሎችን ኩባንያዎች ክፍያ ይመለከትና የእኛ አለቃ ከመካከለኛው አያንስም ብሎ ይጨምርለታል። ሁሉም ከመካከለኛው በላይ ልሁን ሲል መካከለኛው ራሱ በየዓመቱ ከፍ ይላል። ይህ ደረጃ መሻማት እንጂ ገበያ አይባልም።

በእኛ አሳብ ልክ በተቈረጠ ገንዘብ ከሚወሰን በእጥፍ ቢወሰን ይሻላል፤ አለቃው እንዲጨመርለት ቢወድ አስቀድሞ ለታናሹ ይጨምራልና። በአሜሪካ የፖርትላንድ ከተማ ይህን መንገድ ጀምራለች፤ የአለቃው ክፍያ የመካከለኛውን ሥራተኛ 100 እጥፍ ሲደርስ በንግድ ግብሩ ላይ ከመቶ 10፥ 250 እጥፍ ሲደርስ ከመቶ 25 እንዲጨመር በ2016 ዓ.ም. ደንግጋለች። ብቻ ኩባንያው ጠራጊውንና ዘበኛውን አሰናብቶ ሥራውን ለሌላ አሠሪ በኮንትራት ቢሰጥ ዝቅተኛው ደመወዝ ከመዝገቡ ይጠፋል፤ ልዩነቱም ለማንም አንድ ሳንቲም ሳይጨመር የጠበበ ይመስላል። ስለዚህ ሕግ አውጪዎች እጥፉን ሲወስኑ በኮንትራት የሚያገለግሉትንም በዚያው ኩባንያ መዝገብ ሊቈጥሩ፥ የአለቃውንም የአክሲዮን ስጦታ ከደመወዙ ጋራ ሊደምሩ ይገባቸዋል።