ከማቀዝቀዣው በፊት ጣሪያው

በቆላማ ከተሞቻችን ቤት የሚሠራ ሰው ስለ አየር ማቀዝቀዣ ሲያስብ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ስንት ያወጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ የተዛባ ነው። የማቀዝቀዣ ዋጋ የሚወሰነው ማሽኑ ከቤት ውስጥ ሊያስወግድ በሚገባው የሙቀት መጠን ሲሆን፣ ያ መጠን ደግሞ የሚወሰነው ሻጩ መደብር ከመድረሳችን በፊት በቤቱ ጣሪያ፣ ግድግዳና መስኮት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልሟገትለት የምሻው ነገርም ይኸው ነው፤ ለቤት ማቀዝቀዣ ከተያዘው በጀት የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት በጣሪያው ላይ ነው።

ነገሩ የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በድሬዳዋ፣ በጋምቤላ፣ በሠመራና በመሰሎቻቸው ከተሞች ሰፋፊ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ለየክፍሉ አንድ አንድ ማቀዝቀዣ ከመስቀል ይልቅ ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ ለመትከል የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ማዕከላዊ የሚባለው አንድ ትልቅ ማሽን አየሩን አቀዝቅዞ ከኮርኒስ በላይ በተዘረጉ ሰፋፊ የአየር ቧንቧዎች ወደ ሁሉም ክፍሎች የሚያሠራጭበት ዘዴ ነው። ሐሳቡን ብዙ ጊዜ ይዘው የሚመጡት አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች ናቸው፤ ገንዘቡንም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚልኩት እነርሱ ናቸው። እኔም ዶክትሬቴን በሠራሁባቸው ዓመታት የኖርኩት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ስለሆነ ምቾቱን አልክድም። ነገር ግን በባዕድ አገር የለመድነው ዕቃ ወደ እኛ ቤት ሲገባ የሚሠራው በእኛ ፀሐይና በእኛ ቆርቆሮ ሥር ነው።

በመጀመሪያ ስለ መለኪያው ጥቂት እንበል። ሻጮች የማቀዝቀዣን አቅም የሚገልጹት በ«ቢቲዩ» ወይም በ«ቶን» ነው። ቶኑ የማሽኑ ክብደት የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። የቃሉ መነሻ በረዶ ነው፤ አንድ የአሜሪካ ቶን፣ ማለትም 907 ኪሎ ግራም በረዶ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚወስደውን ሙቀት ያመለክታል። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ለመቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ስለሚፈልግ፣ ይህን በ907 አባዝቶ በ86,400 ሰከንድ ያካፈለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ 3.5 ኪሎ ዋት ያገኛል። ይህም 12,000 ቢቲዩ በሰዓት ከሚባለው ጋር አንድ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ቁጥር ማሽኑ የሚያስወግደው ሙቀት እንጂ ከመስመር የሚወስደው ኤሌክትሪክ አለመሆኑን ነው። የኤሌክትሪክ ፍጆታው በተለምዶ የዚህ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው እንውጣ። ኢትዮጵያ በሐሩር ክልል ውስጥ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይ በየትኛውም ከተማችን በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በቀሪው ጊዜም በቀትር ከአናታችን ብዙ አትርቅም። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ግድግዳን የምትነካው አግድማ ሲሆን፣ ዋናውን ጉልበቷን የምታሳርፈው በጣሪያ ላይ ነው። በጠራ ቀን በቀትር በአንድ ካሬ ሜትር አግድም ወለል ላይ 900 ዋት ገደማ የሚሆን የብርሃን ኃይል ያርፋል። የጣሪያው ስፋት 100 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት እንግዲህ 90 ኪሎ ዋት ተሸክሟል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው አብዛኞቹ የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። «ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ብርሃኑን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ታዲያ ለምን ይግላል?» ይላሉ። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ቆርቆሮ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሲደበዝዝና አቧራ ሲለብስ ከሚያርፍበት ብርሃን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይመጥጣል። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ፣ ማንኛውም የጋለ አካል ሙቀቱን በታኅታይ ቀይ ጨረር መልክ ወደ ሰማይ የሚመልስ ሲሆን፣ እርቃን ብረት ግን ይህን ጨረር በመልቀቅ ረገድ እጅግ ደካማ መሆኑ ነው። ከፀሐይ የተቀበለውን ወደ ሰማይ መመለስ ስለማይችል ሙቀቱ በውስጡ ይከማቻል፤ ቀሪ መውጫው በላዩ የሚነፍሰው አየርና በሥሩ ያለው ቤት ብቻ ነው። ነጭ ቀለም በአንጻሩ በዓይናችን የምናየውን ብርሃን ያንጸባርቃል፣ የማናየውን ታኅታይ ቀይ ጨረር ደግሞ በደንብ ይለቃል። ስለዚህ ነጭ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ በሁለቱም በኩል ያተርፋል። መስተዋት የመሰለ አዲስ ቆርቆሮ እንኳ በፀሐይ ላይ እጅ የማያስነካው በዚህ ምክንያት ነው።

በአኃዝ እንየው። የውጭው አየር 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ነፋሱ ለስላሳ፣ ቆርቆሮው የብርሃኑን 65 በመቶ የሚመጥጥ ነው ብንል፣ የቆርቆሮው ሙቀት 64 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ነጭ ተቀብቶ የሚመጥጠው ወደ 30 በመቶ ቢወርድ በዚያው ቀትር ሙቀቱ 44 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። የቤቱን ውስጥ በ26 ዲግሪ ልናቆይ ከፈለግንና ከቆርቆሮው በታች ያለው ተራ ስስ ኮርኒስ ብቻ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በየዲግሪው ልዩነት ወደ 2 ዋት ይሾልካል። ስለዚህ በ100 ካሬ ሜትር ያልተቀባ ጣሪያ በኩል 7.6 ኪሎ ዋት ሙቀት ወደ ቤት ይገባል። በተቀባው በኩል የሚገባው 3.6 ኪሎ ዋት ነው። ከኮርኒሱ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፋይበር ግላስ ምንጣፍ ከተነጠፈበት ደግሞ ወደ 1 ኪሎ ዋት ይወርዳል። ግምቶቹን እንደየቤቱ መለወጥ ይቻላል፤ የመልሱ አቅጣጫ ግን አይለወጥም።

ከግድግዳው፣ ከመስኮቱ፣ ከሰዎችና ከቤት ዕቃዎች የሚመጣው ሌላ 5 ኪሎ ዋት ነው እንበል። እያንዳንዳችን ተቀምጠን ሳለን እንኳ 100 ዋት ገደማ ሙቀት እንለቃለን። በመጀመሪያው ቤት ድምሩ 12.6 ኪሎ ዋት ስለሚሆን ሻጩ የሚያቀርብልን የ4 ቶን ማሽን ነው። ጣሪያው በተቀባውና ምንጣፍ በተነጠፈበት ቤት ድምሩ 6 ኪሎ ዋት በመሆኑ 2 ቶን ይበቃል። ማሽኑ በግማሽ ሲያንስ የአየር ቧንቧው ይጠባል፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ይቀጥናል፣ የቮልቴጅ ማስተካከያው ይረክሳል። የጣሪያው ሙቀት በቀን ለ8 ሰዓት ያህል በአማካይ የቀትሩን ግማሽ ያህል ነው ብንል፣ የሚተርፈው ኤሌክትሪክ በወር 260 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። የቤት ታሪፍ በወር ፍጆታ እርከን እየጨመረ የሚሄድ በመሆኑ ይህ ቁጠባ የሚቀንሰው ከላይኛውና ከውዱ እርከን ላይ ነው። ቤተሰቡ በእጁ ያለውን የክፍያ ደረሰኝ ተመልክቶ ወደ ብር ሊቀይረው ይችላል።

«ኤሌክትሪክ እኮ ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው» የሚል ሙግት በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። ይሁን ብንልም መብራት የጠፋ ዕለት ርካሹም ውዱም አንድ ናቸው። ማሽኑ በቆመበት ከሰዓት በኋላ የጋለ ቆርቆሮ ሥር የተኛው ሕፃን ወይም በዕድሜ የገፉት አያት የሚጠበቁት በጣሪያው ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ የሰፈር ትራንስፎርመር የሚጨናነቀው ሁሉም ማቀዝቀዣውን በሚከፍትበት በዚያው የሙቀት ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የወረደ ቮልቴጅ ደግሞ የኮምፕሬሰርን ሞተር ያቃጥላል። ጎረቤት ጣሪያውን ቢቀባ የእኔም ማሽን ዕድሜ ይረዝማል ማለት ነው።

ስለ ማሽኑ ራሱ ፊዚክስ የሚለው ምንድን ነው? ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው ሥራ ያስቀመጠው መርሕ እዚህም ገዥ ነው። ውስጡን በ25 ዲግሪ፣ ውጭውን በ35 ዲግሪ ብንወስድ፣ ፍጹም የሆነ ማሽን በ1 ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ 30 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ማስወገድ ይችል ነበር። በገበያ ላይ ያሉት ግን 3 ገደማ ነው የሚያስወግዱት። ልዩነቱ ከየት መጣ? ሙቀት ከክፍሉ ወደ ማሽኑ እንዲፈስ በውስጥ ያለው ጥቅልል ቧንቧ ወደ 6 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት፤ ከማሽኑ ወደ ውጭ እንዲፈስ ደግሞ የውጭው ጥቅልል ወደ 50 ዲግሪ መጋል አለበት። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ስናሰላ የካርኖ ጣሪያ ከ30 ወደ 6 ይወርዳል፣ ቀሪውን ግማሽ ሰበቃና ሌሎች ብክነቶች ይወስዱታል። ስለዚህ የውጭውን ክፍል ጥላ ሥር ማስቀመጥ፣ አቧራውን ማጠብ፣ የውስጡን ማጣሪያ በየጊዜው ማጽዳት ገንዘብ የማያስወጡ፣ ነገር ግን ገንዘብ የሚያተርፉ ሥራዎች ናቸው። ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብሎ ቴርሞስታቱን 18 ላይ ማድረግ ግን በተራ ማሽን ላይ ምንም አያፋጥንም፤ ማሽኑ በዚያው ፍጥነት እየሠራ ለረጅም ሰዓት እንዳይቆም ብቻ ያደርገዋል። በአንጻሩ አንድ የጣሪያ ማራገቢያ ቴርሞስታቱን 2 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርገን ያንኑ ምቾት እንድናገኝ ያስችለናል።

ለጥንቃቄ ተብሎ ትልቅ ማሽን መግዛትም ቁጠባ አይደለም። ከልኩ በላይ የሆነ ማሽን ቶሎ አቀዝቅዞ ይቆማል፣ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይነሣል። በዚህ መካከል እርጥበቱን ከአየሩ ለመሰብሰብ ጊዜ አያገኝም። እንደ ጋምቤላ ባለ እርጥበታማ ሥፍራ ይህ ቀዝቃዛ ግን የሚያጣብቅ ክፍል ይፈጥራል።

ማዕከላዊው ዘዴ ራሱ ለእኛ ያዋጣል ወይ የሚለውን በግልጽ ልናገር፤ ለአብዛኛው መኖሪያ ቤት አያዋጣም ባይ ነኝ። በአሜሪካ ሥር የሰደደው ቤቶቹ ለክረምት ማሞቂያ የሚሆን የአየር ቧንቧ ስለሚያስፈልጋቸው ነው፤ ያው ቧንቧ በበጋ ለማቀዝቀዣ ያገለግላል። እኛ ቆላ ላይ ማሞቂያ ስለማያስፈልገን የቧንቧውን ወጪ በሙሉ የምንሸከመው ለማቀዝቀዣ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ቧንቧው የሚዘረጋው ከቤቱ ሁሉ በጣም በሚግለው ሥፍራ፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ነው። የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ቁጠባ መርሐ ግብር የሆነው ኢነርጂ ስታር በተለመደ ቤት ውስጥ በቧንቧው ከሚጓዘው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በቀዳዳና በደካማ መጋጠሚያ እንደሚባክን ይገልጻል። ልምድ ያላቸው የቧንቧ ሠራተኞች በብዛት ባሉበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በእኛ ዘንድ ከዚያ ያነሰ እንዲሆን የሚያደርግ ምክንያት አይታየኝም። ለመኝታና ለሳሎን ብቻ የተለያዩ ትንንሽ ማሽኖችን መትከል ሰው የሌለበትን ክፍል ከማቀዝቀዝ ያድናል፤ አንዱ ቢበላሽም ሌላው ይሠራል። ያም ሆኖ ማዕከላዊውን የመረጠ ሰው ቢያንስ የቧንቧው መጋጠሚያዎች እንዲታሸጉና ቧንቧው ሙቀት ከልካይ እንዲለብስ በውሉ ላይ ያስጽፍ።

ርካሽ ተብሎ የሚቀርብ ያገለገለ ማሽን ሲገኝ ደግሞ የሚሠራበትን ጋዝ መጠየቅ ያስፈልጋል። አር-22 የሚባለው የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ሥር ምርቱና ፍጆታው እየተቋረጠ ነው፤ ነገ ሲያልቅበት የሚሞላ ማግኘት ይቸግራል።

ደረቅ አየር ላለባቸው ከተሞች ሌላም መንገድ አለ። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን ወደ 0.67 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይወስዳል። የእንስራ ውኃ የሚቀዘቅዘው፣ ወታደር የኮዳውን ልባስ የሚያርሰው በዚሁ ሕግ ነው። በእርጥብ ምንጣፍ ውስጥ አየር የሚነፋ ማሽን ኮምፕሬሰር ስለሌለው የሚፈጀው ኤሌክትሪክ የማራገቢያ ያህል ነው። ሠመራ በደረቁ ወራት ይሆነዋል፤ ጋምቤላ በዝናቡ ወራት አይሆነውም።

የታሪክ አጋጣሚ ሆኖ፣ ዊሊስ ካሪየር በኒውዮርክ ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ የነደፈውና ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። የከዚራን ሰፈር የቀየሱት ሰዎች የካሪየርን ማሽን ሊገዙ አይችሉም ነበርና በዛፍና በበረንዳ ተማመኑ። ዛሬም በከዚራ ጎዳናዎች የሄደ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል። በአቅራቢያው ያሉት የሐረር ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳም የቀኑን ሙቀት ወደ ሌሊት የሚያዘገይ ማሽን ነው። እኛ ግን ስስ ብሎኬትና እርቃን ቆርቆሮ ሠርተን ስናበቃ ጥፋቱን በኤሌክትሪክ ለማረም እንነሣለን።

ጣሪያ መቀባት ያጣ ሰው መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልስ የሚሰጠው ቴርሞሜትር ነው። ከድሬዳዋም ሆነ ከሌላ ቆላ የመጣችሁ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያችሁ ሁለት ክንድ ቆርቆሮ ፈልጋችሁ አንዱን ነጭ ቀቡ፤ ሁለቱንም በቀትር ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁ ከሥራቸው የታሰረውን ቴርሞሜትር በየሩብ ሰዓቱ መዝግቡ። ከሳምንት በኋላ በነጩ ላይ አቧራ ሲያርፍ ድገሙት፤ ልዩነቱ መጥበቡን ታያላችሁ፤ ስለዚህ ጣሪያው በየጊዜው መታጠብ እንዳለበትም ከዚያው ትረዳላችሁ። የተመዘገበውን ሰንጠረዥ ለአባታችሁ ወይም ቤት ለሚያሠራው አጎታችሁ አሳዩ። ቤቱ ገና በፕላን ላይ ከሆነ ደግሞ የጣሪያው ቀለምና ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፈው ነገር ዓይነትና ውፍረት በፕላኑ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። የቆላ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች የግንባታ ፈቃድ ሲሰጡ የመጸዳጃ ጉድጓዱን ጥልቀት እንደሚጠይቁ ሁሉ ይህችን አንዲት መስመር ቢጠይቁ የሚያስወጣቸው ቀለም ብቻ ነው።