የአምባሰልን ኖታ አንድ በአንድ ማረም

በወሎ ከሐይቅ ከተማ በስተሰሜን የሚገኘው የአምባሰል ምድር ስሙ የቅኝት ስምም ነው። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች የሚቆጠረው አምባሰል ዛሬ በማሲንቆ ብቻ አይወጣም፤ በኪቦርድና በሲኩዌንሰርም ይቀናበራል።

ሲኩዌንሰር የሚቀዳው ድምፁን ራሱን አይደለም። በ1983 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው፣ ሚዲ በተባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያዎች መግባቢያ የሚመዘገበው የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደተመታና መቼ እንደተለቀቀ ነው። ስለዚህ የተቀዳውን ዜማ ኖታ በኖታ እየከፈቱ ማረም ይቻላል።

ከዶ የተነሳ አምባሰል ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶልና ዝቅ ያለ ላ ነው፤ በሚዲ ቁጥር 60፣ 61፣ 65፣ 67 እና 68። ጣት ስቶ 62ን ከነካ፣ እርማቱ ያችን ኖታ ከፍቶ በአንድ ቁጥር ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ሰዓቷና ጉልበቷ እንዳሉ ይቆያሉ።

የሚቸኩል አቀናባሪ ግን ኳንታይዝ ይጫንና ሁሉንም ኖታ በአንዴ ከምቱ ጋር ያሰልፋል። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው! በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤምፒሲ 60 የተባለ ሲኩዌንሰር አንዱን ምት 96 ቦታ ይከፍለዋል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን 5 ክፍልፋይ የዘገየ ኖታ ያረፈደው 26 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ኢምንት ይመስላል፤ የዜማው ለዛ ያለው ግን ኳንታይዝ በሚያጠፋት በዚያች መዘግየት ውስጥ ነው።

የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን እያንሸራተተ የሚያወጣውን በሁለት ኖታ መካከል ያለ ድምፅማ የኖታ ቁጥር ብቻውን አይገልጸውም፤ ድምፁን ከኖታው ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ፒች ቤንድ ሊጨመርበት ይገባል።

የወሎን ዜማ የምታቀናብሩ ባለሙያዎች፣ የተሳተችውን ኖታ ብቻ አርሙ፤ የቀረውን እንደተመታ ተዉት።