ላፕቶፑ የመዘገበውን ሳያነቡ ዊንዶው መጫን

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በጂጋም ሆነ በደምበጫ፣ «ክዳኑን ዘግቼ አስቀምጬው ስከፍተው ጠፍቶ አገኘሁት» የተባለለት ላፕቶፕ ወደ ጥገና ቤት ሲሄድ የሚጠብቀው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶው ይጫንበት።» ባለቤቱም አይከራከርም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ «ፎርማት አድርጉልኝ» እያለ ነው የሚገባው። ከጥገና ቤት ውጪ ደግሞ ወዳጅ ለወዳጁ የሚሰጠው ምክር አለ፤ «ስሊፕ አታድርገው፣ ሁልጊዜ ሹት ዳውን አድርገው» ይባላል። ሁለቱም ልማዶች ሥር ሰድደዋል፣ ሁለቱም መቅረት አለባቸው። በተለይ የመጀመሪያው የብልሽቱን ማስረጃና የሰውየውን ሥራ አንድ ላይ ስለሚያጠፋ ጉዳቱ ከብልሽቱ ይበልጣል።

ነገሩን ለመረዳት ስሊፕ ውስጥ የገባ ላፕቶፕ ምን እያደረገ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በቆዩት ማሽኖች፣ ያገለገሉ ሆነው ተገዝተው በየመሥሪያ ቤቱና በየተማሪው እጅ ባሉት ኤችፒ፣ ዴልና ሌኖቮ ላፕቶፖች ላይ፣ ስሊፕ ሲገባ ፕሮሰሰሩ፣ ዲስኩና ስክሪኑ ይጠፋሉ፤ ራሙ ብቻ ጥቂት ኃይል እየወሰደ የተከፈተውን ሥራ ይዞ ይቆያል። ያ ጥቂት ኃይል ለአፍታ ከተቋረጠ ራሙ የያዘው ሁሉ ይጠፋል። ሃይበርኔት የሚባለው ግን የራሙን ይዘት ዲስክ ላይ ጽፎ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፤ ባትሪው ተነቅሎ ቢወጣ እንኳ ሥራው አይነካም። አዲሶቹ ላፕቶፖች ደግሞ ሞደርን ስታንድባይ በሚባል ሌላ መንገድ ነው የሚተኙት፤ ስክሪኑ ይጨልማል እንጂ ማሽኑ በመጠኑ ንቁ ነው፤ ከኔትወርክ ጋር ሊገናኝ፣ ዝማኔ ሊፈልግ ይችላል። ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ የገባ ላፕቶፕ ሲወጣ ግሎ፣ ባትሪውም አልቆ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንግዲህ ስሊፕ ከሁሉ በፊት የኃይል ጉዳይ ነው። መብራት በሚመላለስበት አገር፣ ባትሪው ባረጀ ማሽን ላይ፣ በኃይል ጉዳይ የመጣን ብልሽት ከባትሪው በፊት በቫይረስ ማሳበብ ከጅምሩ የተገለበጠ ምርመራ ነው።

የላፕቶፕ ሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ ለሙሉ ከተሞላና ካለቀ በኋላ አቅሙ ጎልቶ መውረድ ይጀምራል። ከአቅሙ ጋር ሌላም ነገር ይለወጣል፤ ብዙ ኃይል ባንድ ጊዜ ሲጠየቅ ቮልቴጁን መያዝ ያቅተዋል። ላፕቶፑ ተኝቶ ሳለ የሚጠየቀው ጥቂት ስለሆነ ባትሪው ደህና ይመስላል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው 40 በመቶም ግምት ስለሆነ ያረጀ ባትሪ ላይ ብዙ አይታመንም። ክዳኑ ሲከፈት ግን ፕሮሰሰሩ፣ ዲስኩና ስክሪኑ ባንድነት ይነሡና ኃይል ይጠይቃሉ፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ማሽኑ ድርግም ይላል። ይህን ለማረጋገጥ ላፕቶፑን መፍታት አያስፈልግም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ አንድ መስመር ሲጻፍ የባትሪ ሪፖርት ይወጣል። ሪፖርቱ ሁለት ቁጥሮችን ይናገራል፤ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና ዛሬ ሞልቶ የሚይዘውን። የመጀመሪያው 48,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው 16,000 ሆኖ ከተገኘ ባትሪው ከሦስት እጅ ሁለቱን አጥቷል፤ አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ያ ቁጥር ንቅንቅ አይልም።

ዊንዶውስ ራሱ ለዚህ ያዘጋጀው መከላከያ አለ። ባትሪው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ላይ፣ ማሽኑን ሃይበርኔት አድርጎ ሥራውን ያድናል። ይሁን እንጂ የሃይበርኔት ፋይል የራሙን 40 በመቶ ያህል ቦታ ስለሚይዝ፣ ማለትም 8 ጊጋ ራም ባለው ማሽን ላይ ከ3 ጊጋ በላይ ስለሚወስድ፣ «ዲስክ ለማስለቀቅ» ተብሎ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ከዚያ በኋላ ባትሪው ሲያልቅ ማሽኑ የሚጠጋበት የለውም።

ሁለተኛው ማስረጃ ማሽኑ ራሱ ሳይጠየቅ የሚጽፈው መዝገብ ነው። ኢቨንት ቪወር ተከፍቶ ሲስተም የሚለው ክፍል ሲታይ፣ ከርነል ፓወር በሚል ስም 42 ቁጥር ከተመዘገበ ማሽኑ በዚያ ሰዓት ወደ ስሊፕ ገብቷል ማለት ነው። ቀጥሎ 41 ቁጥር ከመጣ ከስሊፕ በወጉ አልነቃም፤ በሥርዓቱ ሳይዘጋ እንደ አዲስ ተነሥቷል። 41 በራሱ ምክንያቱን አይናገርም፤ ይህን የማያውቁ ብዙዎች ቁጥሩን ራሱን እንደ በሽታ ቆጥረው ይደነግጣሉ። መታየት ያለበት ውስጡ የተጻፈው የስህተት ኮድ ነው። ኮዱ ዜሮ ከሆነ ዊንዶውስ ስህተት ለመመዝገብ እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ ኃይሉ ባንዴ ተቋርጧል፣ ወይም ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቢቀርበት ሰው ማብሪያውን ተጭኖ ይዞ አጥፍቶታል። ኮዱ 159 ከሆነ ግን አንድ ድራይቨር ማሽኑ ሲተኛ ወይም ሲነቃ የታዘዘውን በጊዜው አልፈጸመም፤ ሰማያዊው ስክሪን ላይ «ድራይቨር ፓወር ስቴት ፌይለር» እያለ የሚወጣው ይኸው ነው። እነዚህ ሁለቱ መድኃኒታቸው ፈጽሞ የማይገናኝ ብልሽቶች ናቸው፤ አንዱ ወደ ባትሪው፣ ወደ ቻርጀሩ ወይም ወደ ሙቀቱ ይመራል፣ ሌላው ወደ ዋይፋዩ ወይም ወደ ግራፊክሱ ድራይቨር። ለይቶ የሚነግረን መዝገብ ደግሞ ፎርማት ሲደረግ ከነታሪኩ ይጠፋል።

«ፎርማት ተደርጎ የዳነ ስንት ላፕቶፕ አለ» የሚል ክርክር ይነሣል። እውነት ነው፣ የሚድን አለ። ጥፋቱ የድራይቨር ከሆነ አዲሱ ዊንዶው ሌላ ድራይቨር ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ግን ያንን ድራይቨር ብቻ መቀየር ይበቃ ነበር። የባሰው ደግሞ የዳነ መስሎ ያልዳነው ነው። ዊንዶው ተጭኖ ትክክለኛው የግራፊክስ ድራይቨር ሳይገባ ሲቀር ማሽኑ በማይክሮሶፍት መሠረታዊ የስክሪን ድራይቨር ይሠራል፤ ይህ ድራይቨር ስሊፕን ስለማይደግፍ ስሊፕ የሚለው ምርጫ ራሱ ከዝርዝሩ ይወጣል። ባለቤቱ «አሁን አይጠፋብኝም» ይላል፣ ማሽኑ ግን መተኛቱን ትቷል እንጂ አልተጠገነም። በኢንተርኔት እጦት ድራይቨር ከአምራቹ ማውረድ በማይቻልበት ጊዜ ደግሞ ይህ ይብሳል። በአማራ ክልል በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ ይታወቃል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ፎርማት የሚያደርግ ባለሙያ በፍላሽ ካለው የድራይቨር ጥቅል በቀር የሚተማመንበት የለውም። የጥቅሉ ድራይቨር ደግሞ ለዚያ ሞዴል የተሠራ ላይሆን ይችላል፤ ከእንቅልፍ ሲነቃ የሚደርቅ ላፕቶፕ ከሚፈጠርባቸው መንገዶች አንዱም ይህ ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። በገጠር ቀበሌ የሚሠራ የልማት ጣቢያ ባለሙያ የአርሶ አደር መረጃ የሚይዘው በአንድ ላፕቶፕ ነው፤ መምህሩ ሮስተሩን፣ ተመራቂው ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ የፒችትሪ ሒሳቡን እንዲሁ። «ፋይልህን ዲ ላይ አድርገው» ይባላል፤ ዴስክቶፕ ላይና ዶክመንትስ ውስጥ ያለው ግን ሲ ላይ ነው፣ የፒችትሪውም ዳታ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ፋይሉ ቢተርፍ እንኳ ሌላ ጣጣ ይከተላል። በፓወር ግዕዝ የድሮ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ፊደሉ ሳይጫን ሲከፈት የላቲን ሆሄያትና ምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ይታያል፤ የዓመታት ደብዳቤ ያለው ጽሕፈት ቤት «ፋይሉ ተበላሸ» ብሎ የሚጥለው እንዳይኖር እፈራለሁ። በቆሎ አብቃዩ የጃቢ ጠህናን ገበሬ ነቀዝ መግባቱን ሳያይ ጎተራውን አይገለብጥም፤ ለላፕቶፕም ያው ጥንቃቄ ይገባዋል።

የጥገና ባለሙያው የሚያነሣው ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም። ደንበኛ ለምርመራ አይከፍልም፤ «አየኸው እንጂ ምን ሠራህ?» ይላል። ፎርማት ዋጋው የታወቀ፣ የሚታይ ሥራ ነው። ባትሪውም ቢሆን ለቆየ ሞዴል በፍኖተ ሰላም ላይገኝ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ መምጣት ሊኖርበት ይችላል፤ ዋጋውም ከፎርማት ብዙ እጥፍ ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ባትሪ መግዛት ያልቻለ ሰው ግን ቢያንስ እውነቱ ሊነገረው ይገባል፤ ሃይበርኔቱ ተከፍቶለት፣ ክዳኑ ሲዘጋ ከስሊፕ ይልቅ ወደ ሃይበርኔት እንዲገባ ተስተካክሎለት፣ በዚያው ባትሪ ሥራው ሳይጠፋ መቆየት ይችላል። ይህ አንዲት ብር የዕቃ ወጪ የለውም። ቫይረስም የለም አልልም፤ በፍላሽ የሚዛመተው፣ ፎልደሩን ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ማንም የሚያውቀው ነው። እሱ ግን ምልክቱ ሌላ ነው፤ ከስሊፕ ጋር እየጠበቀ ማሽን የሚያጠፋ ቫይረስ ብሎ መገመት ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ የሚመጣ እንጂ መነሻ አይሆንም።

«ሁልጊዜ ሹት ዳውን» የሚለውም ምክር እንደሚታሰበው ንጹሕ አይደለም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርታፕ በርቶ ከሆነ ሹት ዳውን የዊንዶውሱን ዋና ክፍልና ድራይቨሮቹን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚዘጋው፤ በማግስቱ ያንኑ መልሶ ያነሣል። የተሳሳተ ድራይቨር ሌሊቱን አርፎ ጠዋት እንደ ተሳሳተ ይነሣል። ሁሉንም ከባዶ የሚያስጀምረው ሪስታርት ነው። ሰው ማሽኑን ሲያጠፋና ሲያበራ ሰንብቶ «ምንም አልተለወጠም፣ እንግዲህ ፎርማት ነው» ወደሚል ድምዳሜ ከሚደርስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ጊዜው ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። በእጃችን ያሉት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ስለሆኑ በግድ የሚጫንባቸው ይበዛል፣ አምራቹ ድራይቨር ያላዘጋጀለት ሥርዓትም ይሸከማሉ። ከወዲሁ መስመር መያዝ ያለበት የሃርድዌርና ኔትወርክ ሙያ የሚያስተምሩት ኮሌጆችና ጥገና የሚያሠሩት መሥሪያ ቤቶች ጋ ነው። ሠልጣኙ ዊንዶው በስንት ደቂቃ እንደሚጭን ከመፈተኑ በፊት 41ን አንብቦ ባትሪና ድራይቨር መለየት ይችል እንደሆነ ይፈተን። መሥሪያ ቤቱም የጥገና ክፍያ ሲያጸድቅ የባትሪ ሪፖርቱና የመዝገቡ ቅጂ ከደረሰኙ ጋር ተያይዞ እንዲመጣ ይጠይቅ፤ ለምርመራውም ራሱን የቻለ ዋጋ ይመድብለት።