ከጅማ ወደ አርባ ምንጭ፣ በቦሌ በኩል

ከጅማው አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አርባ ምንጭ ያለው የአየር ርቀት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአገር ውስጡን በረራ በብዛት የሚሸፍነው ኪው 400 አውሮፕላን ይህን ያህል መንገድ በ40 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ተሳፋሪው ግን መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ ቦሌ ይወርዳል፤ እዚያ ተራ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ሌላ 350 ኪሎ ሜትር ይበርራል። የሁለቱ በረራዎች ሰዓት ካልተጣጣመ አዲስ አበባ ማደር ግድ ይሆንበታል፤ የአልጋ፣ የታክሲና የእራት ወጪ ከትኬቱ በላይ ይመጣል። የመኪናው መንገድ ደግሞ ጎጀብንና ኦሞን ተሻግሮ፣ የዳውሮን ተራሮች ዞሮ በወላይታ ሶዶ በኩል የሚሄድ በመሆኑ ቀን ይፈጃል። ሁለቱም ከተሞች ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አሏቸው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊፈትን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚጠራ መምህር ለጥቂት ሰዓት ሥራ የሳምንቱን ግማሽ መንገድ ላይ ይጨርሳል።

ለዚህ የተለየ አውሮፕላን ይመደብ አልልም። በሳምንት ሁለት ቀን የዙር በረራ ይበቃል፤ አንዱን ቀን ከቦሌ በጅማ አርባ ምንጭ ደርሶ ቦሌ የሚመለስ፣ ሌላውን ቀን በተቃራኒው የሚዞር። ይህ ለአየር መንገዱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአንድ መስመር አያይዞ ጎብኚዎችን ለዓመታት አመላልሷል። ሒሳቡም ያግዛል። ሁለቱን ከተሞች ለየብቻ ደርሶ መልስ ማገልገል 1,220 ኪሎ ሜትር ገደማና አራት መነሳት ይጠይቃል፤ ዙሩ 810 ኪሎ ሜትር ገደማና ሦስት መነሳት ነው። አውሮፕላን ነዳጅ አብዝቶ የሚያቃጥለው ሲነሳና ሽቅብ ሲወጣ ስለሆነ፣ አንድ መነሳት መቅረቱ ቀላል ቁጠባ አይደለም። እርግጥ መቀመጫውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ዙሩ የሚያዋጣው ሁለቱም በረራዎች ሳይሞሉ በሚሄዱባቸው ቀናት ነው።

መንገደኛ የለም የሚሉ አሉ። የትኬት መዝገብ ግን የተሳፈረውን እንጂ የቀረውን አያሳይም፤ በአውቶቡስ የሚንገላታው ነጋዴም፣ ጉዳዩን በስልክ የጨረሰውም እዚያ አይገኙም። ቦሌን ያዳክማል የሚለው ስጋት ደግሞ ብዙ አያስኬድም፤ አውሮፕላኑ ዞሮ የሚገባው እዚያው ስለሆነ ወደ ውጭ የሚያልፈው ተሳፋሪ አይጠፋም። ክብደት ያለው ተቃውሞ ከአዲስ አበባው መንገደኛ የሚነሳው ነው። በቀጥታ አርባ ምንጭ ይደርስ የነበረ ሰው ጅማ ላይ መቆሙ፣ ከማረፊያ ጊዜው ጋር አንድ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ይህ እውነተኛ ጉዳት ነውና ሊደበቅበት አይገባም፤ ትኬት ሲቆርጥ ይነገረው፣ ዋጋውም ይቀነስለት። በቀሩት ቀናት ቀጥታው በረራ እንዳለ ይቀጥል።

በየትኛው ቀን ስንት መቀመጫ ባዶውን እንደሚበርር መረጃው በእጁ ያለው አየር መንገዱ ነውና የሙከራውን ቀናት እሱ ይምረጥ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎችና የከተማ አስተዳደሮቹም ለሠራተኞቻቸው የተወሰነ መቀመጫ አስቀድመው ቢገዙ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪሳራ አየር መንገዱ ብቻውን አይሸከምም።